ላት፣ በረዶና የእሑድ ቁርስ

ከግላስጎው ተመልሼ ባሕር ዳር የገባሁት ሑዳዴ በተያዘ በሁለተኛው ሳምንት ነው። ሶሴጅ ለምዶ ለመጣ ሰው ከዚህ የከፋ ቀጠሮ የለም። ሻንጣዬን ሳልፈታ ለባለቤቴ «አንድ ቁርስ ተምሬ መጥቻለሁ፣ እሠራልሻለሁ» አልኳት። «በስንት ቀኑ?» አለችኝ። ቆጠርኩት። ለፋሲካ ገና አርባ ምናምን ቀን ይቀራል።

ስኮትላንድ የሄድኩት ለዘጠኝ ወር ሥልጠና ነበር። ቤት ያከራዩኝ ሰውዬ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሾፌር ናቸው። በሥራ ቀን ከአፋቸው አሥር ቃል ከወጣ ብዙ ነው። ቅዳሜ ጠዋት መጥበሻ ሲጨብጡ ግን ምላሳቸው ይፈታል። በመጀመሪያው ቅዳሜ ጠርተውኝ ስቀመጥ የቀረበልኝ ሳህን የሦስት ሰው ምሳ ይመስላል። ሶሴጅ አለ። እንቁላል አለ። ለሁለት ተሰንጥቆ የተጠበሰ ቲማቲም፣ ስጎ ውስጥ የዋኘ ቦሎቄ፣ ከድንችና ከዱቄት የተጋገረ ስስ ቂጣ፣ የተጠበሰ ዳቦ፣ ትልቅ ኩባያ ሻይ። ጠርዝ ላይ ደግሞ አንድ ጥቁር ክብ ነገር። ምን እንደሆነ ስጠይቅ በደም የተሠራ ነው አሉኝ። በትሕትና ወደ ጎን ገፋሁት። ሶሴጁንም ልገፋው ስል ገባቸው መሰለኝ፣ «የበሬ ነው፣ ብላ» አሉኝ።

እንግሊዞቹ ዘንድ ሶሴጅ ሲባል ባብዛኛው የአሳማ ነው። ስኮትላንድ ግን የበሬውም ብርቅ አይደለም፣ በየሥጋ ቤቱ አለ። ሎርን የሚሉት አራት ማዕዘን ሶሴጅም አላቸው። እሱ ጭራሽ አንጀት የለውም። የተፈጨውን ሥጋ የዳቦ መጋገሪያ በመሰለ ቆርቆሮ ጠቅጥቀው፣ ሲጠነክር እንደ ዳቦ እየቆረጡ ይጠብሱታል። ያኔ ብዙም ልብ አላልኩትም። ኋላ ላይ ከአንድ ጣጣ አውጥቶኛል።

የወደድኩት ግን ጣዕሙን ብቻ አይደለም። ሰውዬው መጥበሻውን ጥደው አይቸኩሉም። ሶሴጁ በትንሽ እሳት ላይ ይንሾካሾካል እንጂ አይጮኽም። ከዚያ ተቀምጠን እንበላለን። ሻይ ይደገማል። ሁለት ሰዓት እንዲህ ሲያልፍ ማንም ሰዓቱን አያይም።

የእኛ ቁርስ እንግዲህ አይታማም። ፖሊ በሚባለው የዩኒቨርሲቲ ግቢ አካባቢ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ የሚወጣ ፉል፣ ቅቤ የጠጣ ጨጨብሳ፣ በቃሪያ የተመታ እንቁላል የማንም አገር ሳህን ፊት ቢቀርብ አያፍርም። አበላላችን ነው ችግሩ። እኔ ራሴ ክፍል ለመግባት አሥር ደቂቃ ሲቀረኝ ቆሜ ነው የምጎርሰው። የሰውዬው ቅዳሜ ባሕር ዳር ላይ ይደገም ብዬ የተነሣሁት ለዚህ ነው። እዚህ የምጽፈው እንዴት እንደሄድኩበት፣ የት የት እንደወደቅኩ ነው።

በጾሙ ሰዓት ስለላ ብቻ ሠራሁ። የከተማውን ሱፐርማርኬቶች ማቀዝቀዣ እየከፈትኩ ማየት ጀመርኩ። ሞርታዴላ አለ። ሆት ዶግ አለ። አንዳንዱ ጋ «ሶሴጅ» የሚል ጽሑፍ ያለበት የቀዘቀዘ ፓኬት አለ። ፓኬቱን ገልብጬ ሳነብ መጀመሪያ የተጻፈው ከአጥንት ላይ በማሽን የተላቀቀ የዶሮ ሥጋ፣ ቀጥሎ ውኃ፣ ቀጥሎ ስታርች ነው። በእንዲህ ያለ ዝርዝር ላይ ቀድሞ የሚጻፈው በብዛት የገባው ነው። የበሬ ሥጋ የሚለው ቃል ከጨው አጠገብ ከተገኘ ነገሩ ገብቷችኋል።

አንዱ ሱቅ ግን የበሬ ሥጋ ቀድሞ የተጻፈበት አገኘሁ። ለቅዳም ሹር ሄጄ ሁለት ፓኬት ገዛሁ። ፋሲካ ለዶሮ ነው፣ እሱን አልነካሁም። በማዕዶት ሰኞ ጠዋት ቤተሰቡን ሰብስቤ መጥበሻ ጣድኩ።

መጀመሪያ ነጭ ውኃ ወጣ። ከዚያ ሶሴጁ አንድ በአንድ ሆዱ ተቀደደ። ከዚያ ሽታ መጣ። ልጄ አፍንጫዋን ይዛ ወጣች። ባለቤቴ ምንም አላለችም። ድንቹን ብቻ ወደ ራሷ ሳበች።

በኋላ ፓኬቱን ከቆሻሻ አውጥቼ በደንብ አየሁት። ቢዘገይም ትምህርቱን ያገኘሁት ከዚያ ነው። ፕላስቲኩ አንድ ጥግ ላይ ሮዝ ውኃ ተጠራቅሞ ረግቷል። በውስጡ ጥርስ ጥርስ የሚያህል በረዶ አለ። ሁለተኛውን ፓኬት ስከፍተው ደግሞ ሶሴጆቹ እርስ በርስ ተጣብቀው አንድ ጡብ ሆነዋል። ይኼ ማለት አንዴ ሟሙቶ እንደገና የቀዘቀዘ ነው። ከአዲስ አበባ እዚህ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ ላይ የመብራቱን ነገር ጨምሩበት። ማቀዝቀዣው ለሊቱን ጠፍቶ ጠዋት ቢበራ ገዢው በምን ያውቃል? አሁን የቀዘቀዘ ሥጋ ስገዛ ፓኬቱን አነቃንቃለሁ። ለየብቻ ከተንቀሳቀሱ እወስዳለሁ። ጡብ ከሆኑ እመልሳለሁ። ሻጩ ይቆጣ ይሆናል፣ ይቆጣ።

በዚያው ሳምንት ራሴን ስረግም ሰነበትኩ። ለፋሲካ ግቢያችን ውስጥ በግ ታርዷል። አንጀቱን ምን አደረግነው? ጣልነው። ላቱን ምን አደረግነው? ወጥ ውስጥ ገባ። ሶሴጅ ልሠራ ያሰብኩ ሰው ዕቃውን በገዛ እጄ አስረክቤ ወደ ሱፐርማርኬት መሮጤ ነው።

እንግዲህ ፊቴ ሃምሳው አለ። ከፋሲካ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ አይጾምም፣ ልኳንዳውም በየቀኑ ክፍት ነው። ለሙከራ ከዚህ የተሻለ ወቅት በዓመት ውስጥ የለም። ከበዓለ ሃምሳ ማግስት ሰኞ የሐዋርያት ጾም ይገባል። ስለዚህ ሰባት ሳምንት ተሰጠኝ።

ደንበኛዬ የሆኑት ልኳንዳ ያላቸው ጋሼ ጋ ሄድኩ። እሳቸው የሚያውቁኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ግማሽ ኪሎ ጥብስ ሳዝ ነው። አንድ ኪሎ ተኩል ለመፍጫ የሚሆን ስጠይቃቸው ቢላቸውን አስቀመጡ።

«ደህናውን ሥጋ ምን በደለህና ነው የምትፈጨው? ጥርስህን አሞሃል እንዴ መምህር?»

«ሶሴጅ ልሠራ ነው ጋሼ።»

«ምንድን ነው እሱ?»

አስረዳኋቸው። አንገታቸውን እየነቀነቁ ሰሙኝ። ከዚያ ምስኪን ነው ብለው አዘኑልኝ መሰለኝ፣ ከታፋ ላይ ጥርት ያለ ቀይ ሥጋ ቆርጠው፣ ጮማውን በጥንቃቄ ገፈው፣ «በል እንካ፣ ምርጡን ነው» ብለው ሰጡኝ። በአክብሮት ተሳሳቱ፣ እኔም በአክብሮት ተቀበልኩ። ከዚያ ሥጋ የወጣው የመጀመሪያው ሶሴጅ ሰጋቱራ ነበር። ስታኝከው አፍህ ውስጥ ይበዛል እንጂ አያልቅም።

ሶሴጅ ስብ ይፈልጋል። ከጠቅላላው ሩብ ያህል ስብ ካልሆነ ሲጠበስ ይደርቃል። ይህን በንባብ አውቀው ነበር፣ ግን ቀይ ሥጋ ምርጥ ነው የሚለው ልማድ ከእጄ ላይ አልለቅ አለኝ። በሁለተኛው ዙር «ጋሼ፣ ስብ ይስጡኝ» አልኳቸው። ሞራ ሰጡኝ፣ ከኩላሊቱ ዙሪያ የሚገኘውን ነጩን። ፈጭቼ ቀላቀልኩት። ትኩስ እያለ ግሩም ነበር። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ግን ትናጋዬ ላይ አንድ ነገር ተለጠፈ። ሻማ የበላሁ መሰለኝ። የኩላሊት ሞራ ለመቅለጥ ብዙ ሙቀት ይፈልጋል፣ ሲበርድ ደግሞ ቶሎ ይረጋል። ተረጋግቶ ለሚበላ ቁርስ አይሆንም። ቁርሱ የሚያምረው ደግሞ ተረጋግተው ሲበሉት ነው።

ላት ትዝ ያለኝ በዳግማ ትንሣኤ ነው። ጎረቤታችን ያሉ እማማ ለልጃቸው ቤተሰብ በግ አሳርደው እኛንም ጠሩን። በጓ ከጎጃም በኩል የመጣች ቀይ ዳማ ናት። ዋሸራ የሚሏት ዓይነት፣ ቀንድ አልባ፣ ላቷ አጭርና ወፍራም። ላቱን በቢላ ጫፍ ነካሁት። ለስላሳ ነው፣ በጣት ሙቀት ጫፉ ላይ ማብረቅ ይጀምራል። ሞራው ግን በጣት ሲጨመቅ ይፈረፈራል። እዚያው ቆሜ «እማማ፣ ላቱን ይሽጡልኝ» አልኳቸው።

«የምን ሽያጭ! ውሰደው። ግን ምን ልታረግበት ነው?»

ነገርኳቸው። አንጀቱንም እንደምፈልግ ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና ሳቁ።

«ታዲያ ቋሊማ ልትሠራ ነው አትለኝም? ሶሴጅ ሶሴጅ ትላለህ!»

እማማ በልጅነታቸው ቋሊማ ሲሠራ አይተዋል፣ አግዘዋልም። ለትልቅ ድግስ ነበር የሚሠራው አሉኝ። የበሬ ሥጋ በደቃቁ ይከተፋል። ሽንኩርት፣ ዝንጅብል፣ ኮረሪማ፣ ጥምዝ ይገባበታል። አንጀት ውስጥ ተጠቅጥቆ ከምድጃ በላይ ጭስ ላይ ተሰቅሎ ይደርቃል። ሽንኩርቱ በደረቁ ካልተቁላላ ውኃው ቋሊማውን ያበላሸዋል ብለውኛል። ይቺን ብቻዋን ለማወቅ ሦስት ሙከራ ይፈጅብኝ ነበር።

እዚህ ላይ «ይኸው፣ ከጓዳችን የነበረውን ፈረንጅ አገር ፈለግኩት» ብዬ ብጨርሰው ያምራል። ግን ልክ አይሆንም። ቋሊማ ደርቆ የሚቆይ ነው። እኔ የምፈልገው ትኩስ ሥጋ ሆኖ፣ ሲቆረጥ ጭማቂው የሚወጣውን ነው። ዘመዳሞች ናቸው፣ አንድ ግን አይደሉም። ከእማማ የወሰድኩት ቅመሙንና አንጀት አጠባውን ነው።

አንጀት አጠባው ግን ራሱን የቻለ ሙያ ነው። የአንድ በግ ቀጭን አንጀት ሲዘረጋ ከ20 ሜትር ይበልጣል። እማማ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ውኃ አጠገባቸው አስቀመጡ። መጀመሪያ ውስጡን በውኃ አሳልፈው አጠቡት። ክንድ ክንድ በሚያህል ከቆረጡት በኋላ እንደ ካልሲ ገለበጡት። ከዚያ መክተፊያ ላይ ዘርግተው በቢላው ጀርባ መፋቅ ጀመሩ። ከውስጡ ዝልግልግ ያለ ነገር እየተገፋ ይወጣል። ይፍቃሉ፣ ያጥባሉ፣ ይፍቃሉ። ወፍራምና ጭጋግ የመሰለው አንጀት ቀስ በቀስ ሳሳ፣ በመጨረሻ ከኋላው የእጃቸው መስመር ታየኝ። «አሁን ደረሰ» አሉ። ጨው ነስንሰው፣ ሎሚ ጨምቀውበት፣ እንደገና አሹት። እኔ አንዱን ልሞክር ብዬ ተቀብዬ በሦስተኛው ፍቅ ቀደድኩት። «አንተ እሳቱን እይልኝ» አሉኝ። ቤታቸው ውስጥ እሳት አልነበረም።

በጨው የታሸ አንጀት በተከደነ ዕቃ ማቀዝቀዣ ውስጥ ሳምንታት ይቆያል። ከመጠቀሙ በፊት ለብ ባለ ውኃ ለግማሽ ሰዓት መዘፍዘፍ ነው። በአንድ በግ አንጀት የቀሩትን ሳምንታት ሙከራ ሁሉ ሠራሁበት፣ ተረፈኝም።

አሁን ጥቅጠቃው። መፍጫዬ ጠረጴዛ ላይ ተቆልፎ በእጅ የሚዞር ነው። ሥጋውን ወደ አንጀት የሚያስገባ ቧንቧ የለውም። የሃይላንድ ጠርሙስ አንገት ቆርጬ ልጠቀም አሰብኩ። ጎበዝ ሐሳብ ነው ብዬ ኮርቼም ነበር። የሃይላንድ አፍ ለበግ አንጀት ይሰፋል። አንጀቱን ስስበው ተሰነጠቀ፣ ሌላው ተሰነጠቀ፣ ሁለት ኪሎ የተቀላቀለ ሥጋ ይዤ ቁጭ አልኩ። ያን ቀን ነው ሎርን ትዝ ያለኝ። ሥጋውን ዘይት በተቀባ የዳቦ ቅርጽ ጠቅጥቄ ማቀዝቀዣ አስገባሁት። በማግስቱ የጣት ውፍረት ባለው ቁራጭ እየቆረጥኩ ጠበስኩት። ጉድ የሚያሰኝ ሆነ። አንጀት ማጽዳት የሚከብደው ሰው ከዚህ ቢጀምር እመክራለሁ። እኔ ግን ክቡን ነበር የምፈልገው፣ እልህ ገባኝ።

ፖሊ ወርክሾፕ ውስጥ የሚሠራ አንድ ወዳጅ አለኝ። ችግሬን ስነግረው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ መፍጫውን አምጣ አለኝ። ከወዳደቀ ስቴንለስ ቧንቧ የመካከለኛ ጣት ርዝመት ቆርጦ ከመፍጫው አፍ ጋር የሚገጥም ክብ ሰሌዳ ላይ በየደልኝ። የቧንቧው ውጭ 16 ሚሊ ሜትር ነው። ጫፉን በአሸዋ ወረቀት ያለሰለሰበትን ጊዜ ለብየዳው አላጠፋም። «አንጀት የሚቀደደው እዚህ ጋ ነው» አለኝ። ሶሴጅ በሕይወቱ በልቶ አያውቅም። ግን እውነቱን ነበር፣ ከዚያ በኋላ አንድም አልተቀደደብኝም።

ከሁሉ በላይ ያስቸገረኝ ሙቀት ነው። ባሕር ዳር ሞቃት ከተማ ናት፣ ግንቦት ላይ ደግሞ አይጣል ነው። ሥጋና ስብ ሲፈጩ ቀዝቃዛ ካልሆኑ ስቡ በደቃቅ በመቆረጥ ፈንታ ይቀባል። መፍጫው አፍ ላይ ሲታይ ቀይና ነጭ ተለይቶ መውጣት አለበት። ሮዝ ሊጥ ሆኖ ከወጣ አለቀ። እንዲህ ያለው ሶሴጅ ሲጠበስ ስቡ በሙሉ መጥበሻ ላይ ይፈስና ሥጋው ብቻውን ተኮማትሮ ይቀራል። አራተኛው ሙከራዬ እንዲህ ሆነ። ላቱን አግኝቼ፣ አንጀቱን አግኝቼ፣ ቧንቧውን አግኝቼ፣ ልፈጭ ስል መብራት ጠፋ። ከሰዓት በኋላ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፣ ቤቱ እንደ ምጣድ ግሏል። ይሁን ብዬ ፈጨሁት። ሮዝ ሊጥ።

ለቀጣዩ ሙከራ ሐይቁ ዳር ካለ ዓሣ ነጋዴ በረዶ ገዛሁ። ቀረሶና አምባዛ የሚያስቀምጥበት ሳጥን ውስጥ ሰብሮ ሰጠኝ። ቸኩዬ ነበርና በረዶውን ቀጥታ ሥጋው ላይ በተንኩት። የዚያን ቀን ሶሴጅ የአምባዛ ጠረን ነበረው። ልጄ «አባዬ፣ የዓሣ ሶሴጅ ነው እንዴ?» ብላ በቅን ልብ ጠየቀችኝ። አሁን ነገሩን አስተካክዬዋለሁ። ሰፊ ሳፋ ውስጥ በረዶውን ከጨው ጋር አደርጋለሁ፣ ጨው ሲገባበት የበለጠ ይበርዳል። በላዩ ላይ ሥጋው ያለበትን የብረት ጎድጓዳ ሳህን አስቀምጣለሁ። በረዶና ሥጋ አይገናኙም። ሥጋውና ላቱ በጣት ጠጠር እስኪሉ፣ ግን ድንጋይ ሳይሆኑ፣ እዚያ ይቆያሉ። የመፍጫውን ብረትም አብሬ አቀዘቅዘዋለሁ። የምፈጨው ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ነው፣ ፀሐይ ሳይጠነክር።

የደረስኩበት ልክ ይኸው። አንድ ኪሎ ተኩል የበሬ ሥጋ፣ ግማሹ ከወርች፣ ግማሹ ከፍሪምባ። ጋሼ አሁን ሳልነግራቸው ጮማውን ይተዉልኛል። ግማሽ ኪሎ ላት። 34 ግራም ጨው፣ ማለትም ለኪሎው 17 ግራም። ጨው በእጅ ግምት አይሆንም፣ የወርቅ ቤት የመሰለች ትንሽ ሚዛን ገዝቻለሁ። ደርቆ የተፈጨ ዳቦ 100 ግራም ያህል። የብሪታንያ ሶሴጅ ውስጥ ፍርፋሪ የሚገባው ሥጋ ለመቆጠብ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሌላም ሥራ አለው፣ ሲጠበስ የሚወጣውን ጭማቂ ይዞ ያስቀረዋል። አንድ ብርጭቆ የቀዘቀዘ ውኃ። ከእማማ በኩል በደረቁ የተቁላላ ሽንኩርት፣ ኮረሪማና ትንሽ ጥምዝ። ከእኔ በኩል ቁንዶ በርበሬና ጦስኝ። በርበሬ ሞክሬ ነበር፣ ሥጋው ሳይበስል ላዩ ጠቆረብኝ። አዋዜውን ሳህን ጠርዝ ላይ ማድረግ ይሻላል።

ከተፈጨ በኋላ በእጅ በደንብ ይታሻል። ጨው ከሥጋው ውስጥ የሚያጣብቅ ፕሮቲን ያወጣል፣ ሶሴጁን አንድ አድርጎ የሚይዘው እሱ ነው። መድረሱን የማውቀው እንዲህ ነው፤ አንድ እፍኝ መዳፌ ላይ ለጥፌ እጄን እገለብጣለሁ። ካልወደቀ ደርሷል። እጅ ግን ይቆረጥማል፣ ቅዝቃዜው አጥንት ድረስ ይገባል። ያልቆረጠመ እጅ ሥጋውን አሙቆታል ማለት ነው።

ስለ መጥበሱ አንድ ነገር ልበል። ጥሬ ሥጋ እበላለሁ፣ አልክድም። የተፈጨ ሥጋ ግን ሌላ ነው። ከሥጋው ውጭ የነበረው ጀርም ሁሉ ሲፈጭ ውስጥ ይገባል፣ ስለዚህ መሐሉ ድረስ መብሰል አለበት። ችኮላ ደግሞ አያበስለውም፣ ላዩን አቃጥሎ መሐሉን ጥሬ ይተዋል። እኔ የምጠብሰው ከሰል ላይ ነው። ፍሙ ከጋመ በኋላ ዐመድ አለብሰዋለሁ። መጥበሻው ላይ ጥቂት ዘይትና የቡና ስኒ ውኃ። በየሦስት በየአራት ደቂቃው ማገላበጥ። ሹካ አልወጋበትም፣ ጭማቂው ይሄዳል። ከሃያ እስከ ሃያ አምስት ደቂቃ ይፈጃል። የግላስጎው ሰውዬ ያወሩ የነበረው በዚህ መሐል ነው ለካ፣ ሌላ የሚሠራ ነገር የለም።

ጰራቅሊጦስ እሑድ ደረሰ። ከቅዳሴ መልስ ሦስት ሰዓት አካባቢ በረንዳችን ላይ ጠረጴዛ አወጣን። ሰማዩ ደምኗል፣ የሰኔ ደመና። በማንጎው መሐል ጣና ግራጫ ሆኖ ይታያል። አንድ ታንኳ ቀስ ብሎ ያልፋል፣ ቀዛፊው ደንገሉ ላይ የተቀመጠ ሳይሆን ውኃው ላይ የተቀመጠ ይመስላል። ሶሴጁ ይንሾካሾካል። ስቡ ሲወጣ ቲማቲሙን ለሁለት ከፍዬ ፊቱን ወደ ታች ደፋሁት። በቦሎቄው ፈንታ ፉል አደረግን፣ ይቅርታ ሳልጠይቅ ይበልጣል እላለሁ። የጎጃም ድንች ተቀቅሎ በዱቄት ተለውሶ ቂጣ ሆነ። ድፎ ዳቦ በሶሴጁ ስብ ተጠበሰ። እንቁላሉ የሐበሻ ዶሮ ነው፣ አስኳሉ ብርቱካን። ባለቤቴ የዘጌ ቡና እየቆላች ነው። ሻዩን ማንም አልጠየቀም።

እማማም ተጠርተው መጡ። ነጠላቸውን አስተካክለው ተቀመጡ። አንዱን ሶሴጅ በእጃቸው ሰብረው፣ በእንጀራ ይዘው፣ አላመጡ። ሁላችንም አፋቸውን እናያለን።

«ጨው አንሶታል» አሉ።

ሚዛኔን ሳስብ ልቤ ቀጥ አለ። ከዚያ ሁለተኛውን አነሡ።

እስከ ስድስት ሰዓት ተቀመጥን። ሦስተኛው ቡና ወጣ። እማማ የቋሊማውን ዘመን አወሩልን፣ በአንድ ድግስ ድመት ሙሉ ገመድ ቋሊማ ይዛ ጣሪያ ላይ ወጥታ መንደሩ በመሰላል እንደተከተላት። ጋሼ ከልኳንዳው ደውለው «እንዴት ሆነ?» አሉኝ። አራቱን ቋጥሬ በልጄ እጅ ላክሁላቸው። «ሥጋው አልተበደለም በላቸው» የሚል መልስ ይዛ መጣች።

ማታ መብራት ጠፋ። አራት ሶሴጅ ተርፏል። ነገ ሰኞ ነው፣ የሐዋርያት ጾም ይገባል፣ ማቀዝቀዣውም ጠፍቷል። ባለቤቴና እኔ በሻማ ወጥ ቤት ቆመን ተያየን። እናሙቀው አናሙቀው የሚል ክርክር አልነበረም፣ ቀዝቃዛውን ሁለት ሁለት ተካፈልን። እያላመጥኩ ምላሴን ወደ ትናጋዬ ላክሁ። ምንም አልተለጠፈም።